የዘገዩ መጻሕፍት መዝገብ

ከመርሳ ገበያ ሽቅብ፣ ከማንጎ ሻጮች በላይ፣
ከወፍጮው ጀርባ ነው ቤቱ፣ አላፊ አግዳሚ የማያይ።
ሁለት ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ በፀሐይ የሚንጣጣ ጣራ፣
ወንበሩ ለሰባት ዓመት ልጅ እግር ተለክቶ የተሠራ።
እዚያ ነኝ፤ እኔ ዘምዘም፣ የልጆች ክፍል ኃላፊ፣
ቁልፍ ያዥ፣ አፍንጫ ጠራጊ፣ የተቀደደ ገጽ ሰፊ።

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ተረት ይነበብ ነበር፤
ቀድሞ የመጣ ምንጣፉ ላይ፣ የዘገየ ከበሩ ሥር።
ጅቡን ሳነብ ድምፄ ወፍሮ፣ ጦጢትን ሳነብ ቀጥኖ፣
ሙሔ፣ የረምላ ታናሽ፣ ይሸሸጋል ሻርፗ ሥር ሆኖ።
እህል ሊያስፈጩ የመጡ እናቶች በመስኮት ያደምጣሉ፣
ዱቄት በቅንድባቸው፤ ጦጢት ስታመልጥ "እሰይ" ይላሉ።
ሕጋችን አንድ ነው፦ ማንጎ የበላ ሳይታጠብ አይገልጥም፤
ሆኖም ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ያለው ቢጫ አውራ ጣት አይለቅም።

ሰማያዊ መዝገብ ነበረኝ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ፤
የወሰደ በጥቁር ቀለም፣ በቀይ ቀኑን ያሳለፈ።
ከቀዩ ጥቂቱን ላንብብ፦
ረምላ ይመር፣ ሦስተኛ ለ። መነጽር ያደረገችው አህያ። ሰባት ወር ሞላው።
"እትየ፣ ወንድሜ እኮ ገና ሥዕሉን አልጨረሰው።"
ደርበው አስረስ፣ አራተኛ ሀ። የከዋክብቱ። ድፍን ዓመት።
"ጠፍቶብኝ ነው" ይላል፣ እያየ ወደ መሬት።
የእብሬ መንታዎች፦ አንዱ የወሰደውን ሌላው ይክዳል፤
"እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው"፤ ማን ማን እንደሆነ ማን ያውቃል?

ስማቸውን በሰልፍ ጠራሁ፣ ጠዋት ባንዲራው ሲሰቀል፤
ደብዳቤ ጻፍኩ ለወላጅ፣ "ልጅዎ የሕዝብ ሀብት አጉድሏል" የሚል።
"ለካ ስሟ ነው" አልኳቸው፣ "መርሳ! መርሳት ያስተማረቻችሁ?"
ማንም አልሳቀ። "እስከ ሰኞ አምጡ፣ መጽሐፍ ያላችሁ!"

ያ ሰኞ አልመጣም።

ሰው መንገዱን ሞላው፣ ፍራሽ በራሱ፣ ዶሮ በብብቱ፤
እኔም ሄድኩ ቁልፉን ይዤ፤ ቁልፍ ምን ሊሆን ከሌለ ቤቱ?

ስመለስ በሩ የለም፤ ቁልፌን ግን አወጣሁት ከልማድ።
መደርደሪያው ተፈልጧል፣ ወረቀቱ ሆኗል አመድ።
ከጅቡ አንድ ጆሮ ተርፏል፤ ከፊደል ገበታው ጰ ብቻ፤
ምን ይጻፍባታል? ጳጉሜ፤ የዓመት ትራፊ፣ የአዲሱ መባቻ።
መዝገቡ ግን ነበር፤ ጣራው አፍስሶበት፣ ቀዩ ቀለም ተንዶ፣
ከስም ወደ ስም ወርዶ፣ ባለዕዳውን ሁሉ አዛምዶ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ረምላ መጣች፤ በር ከነበረው ቦታ ቆማ፣
"እትየ፣ ቅጣቱ ስንት ነው?" አለች፣ ሰላምታውን እንኳ ቀድማ።
"ወንድሜ ሥዕሉን ጨረሰው፤ ስንሸሽ ብዙ ጊዜ ነበረው።"
ከጤፍ ከረጢት አወጣችልኝ፤ ዛሬም ጤፍ ይረግፋል ስገልጠው።
ደርበው የከዋክብቱን አመጣ፤ "ጠፍቷል" ያለኝን፣ ሳያፍር፤
ለካ በቆርቆሯቸው ቀዳዳ፣ ከሰማዩ ጋር ሊያነጻጽር።
ከመንታዎቹ አንዱ መጣ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።
"የወሰድኩት እኔ ነበርኩ" አለኝ። እውነት ይሁን አላጣራሁም።

በቀኑ የተመለሰው፣ ያ ታዛዡ፣ ነደደ፤
የተረፈኝ የከዳኝ ነው፣ በልጅ ብብት የሄደ።

አርባ አንድ ናቸው። የማንጎ ሳጥን መደርደሪያ ሆነላቸው፤
በርዕስ አልደረደርኳቸውም፤ በዕዳ ነው፣ የቆየው ከፊታቸው።
ቢጫው አውራ ጣት አለ፣ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ፤
እንደ ማኅተም አየዋለሁ፣ ቤቱን ሲጠይቀኝ ታዛቢ ወይ ጎብኚ ባይ።

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት አሁን ሙሔ ነው የሚያነበው፤
ጅቡን በቀጭን ድምፅ ያነበዋል። "ለምን?" ስለው፣ "ፈርቶ ነው።"

እስክሪብቶዬ ቀይ ብቻ ነው፤ ጥቁሩን ገና አላገኘሁም፤
ስለዚህ ሁሉም ባለዕዳ ነው፤ ማንንም በሰልፍ አልጠራሁም።
ረምላ ሌላ ወስዳለች፤ ቀኑ ካለፈ ወር ሆነው።
ከወፍጮው ደጅ ስታየኝ ፊቷን አዞረች።
"አብሽሪ" አልኳት፣ "ሥዕሉ ብዙ ነው።"